ውርርድ ቤቱ በኦዱ ውስጥ የደበቀውን ትርፍ በስልክ ካልኩሌተር ማውጣትና ማነጻጸር

ሥጋ ቤት የኪሎ ዋጋውን ለጥፎ ይሸጣል፤ ባንክም የአገልግሎት ክፍያውን በደረሰኝ ላይ ያሰፍራል። የስፖርት ውርርድ ቤት ግን «ከየመቶ ብሩ ይህን ያህል ለራሴ አስቀራለሁ» የሚል ጽሑፍ በግድግዳው ላይ አይሰቅልም። ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ዋጋው በኦዶቹ ውስጥ፣ ማለትም ያስያዙት ብር ግምቱ ከሠመረ በስንት ተባዝቶ እንደሚከፈል በሚናገሩት ቁጥሮች ውስጥ ተቀላቅሏል፤ ወተት ውስጥ እንደ ገባ ውኃ ለዓይን አይታይም፣ በመለኪያ ግን ይታወቃል። መለኪያው ደግሞ የስልክ ካልኩሌተር ነው።

የሚከተለው መመሪያ ማን እንደሚያሸንፍ አይናገርም፤ የሚያሳየው ሁለት ወይም ሦስት ቤቶች ለአንድ ጨዋታ የሚያስከፍሉትን ድብቅ ዋጋ እንዴት ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንደሚቻል ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ ዝቅተኛ ትርፍ የሚይዝ ቤት መምረጥ አትራፊ አያደርግም፤ ገንዘቡ ቀስ ብሎ እንዲያልቅ ያደርጋል እንጂ። ልዩነቱ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው።

አንደኛ፦ ኦዱን በአንድ ጊዜ ይሰብስቡ

አንድ ጨዋታ ይምረጡ፤ የሦስት ቤቶችን ኦድ በተቻለ መጠን በዚያው ደቂቃ ይመዝግቡ። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። የአንዱን ቤት ዋጋ ዓርብ ማታ፣ የሌላውን ቅዳሜ አሰላለፍ ከተገለጸ በኋላ የወሰደ ሰው የቤቶቹን ትርፍ ሳይሆን የዜናውን ውጤት ነው የሚያነጻጽረው። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት አቆጣጠር እንደ ወቅቱ 11 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ላይ ስለሚጀምሩ፣ እኔ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ በስልኬ የገጾቹን ፎቶ አነሳለሁ። ወረቀት ላይ መገልበጥም ይቻላል፤ ነገር ግን 3.60ን 3.06 ብሎ የጻፈ እጅ ስሌቱን ሁሉ ያበላሸዋል።

ለዚህ ጽሑፍ አርሰናል በሜዳው ቼልሲን የሚያስተናግድበትን ጨዋታ እንውሰድ። ኦዶቹ ለማስተማሪያ እኔ የሠራኋቸው ናቸው፤ ቤቶቹንም ሀ፣ ለ እና ሐ ብዬ ጠርቻቸዋለሁ።

ቤት ሀ፦ አርሰናል 1.90፣ አቻ 3.60፣ ቼልሲ 3.90
ቤት ለ፦ አርሰናል 1.95፣ አቻ 3.50፣ ቼልሲ 4.00
ቤት ሐ፦ አርሰናል 1.80፣ አቻ 3.40፣ ቼልሲ 4.20

ስሌቱን ከማንበብዎ በፊት የትኛው ቤት ርካሽ፣ የትኛው ውድ እንደሆነ በዓይንዎ ይገምቱና ግምትዎን ያስታውሱ።

ሁለተኛ፦ ኦዱን ወደ መቶኛ ይለውጡ

1.90 ማለት 100 ብር ያስያዘ ሰው ግምቱ ከሠመረ፣ ያስያዘውን ጨምሮ 190 ብር ይቀበላል ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያለውን የመቶኛ ግምት ለማግኘት 1ን ለኦዱ ማካፈል፣ ውጤቱንም በ100 ማባዛት ይበቃል። ለቤት ሀ፦

1 ÷ 1.90 = 0.5263፣ ማለትም 52.63 በመቶ
1 ÷ 3.60 = 0.2778፣ ማለትም 27.78 በመቶ
1 ÷ 3.90 = 0.2564፣ ማለትም 25.64 በመቶ

አሁን ይደምሯቸው። ጨዋታው የሚያልቀው ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ስለሆነ ድምሩ 100 መሆን ነበረበት። የሚወጣው ግን 106.05 ነው። ከመቶ በላይ የሆነው 6.05 ቤቱ በመቶኛዎቹ ላይ የጨመረው ህዳግ፣ ማለትም ድብቅ ትርፉ ነው።

ይህ ቁጥር ረቂቅ ሆኖ ከታየዎት በብር ያስቡት። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን 1,000 ብር እንዲደርስዎት ፈልገው በሦስቱም ላይ ቢያስይዙ፣ አርሰናል ላይ 526.32፣ አቻ ላይ 277.78፣ ቼልሲ ላይ 256.41 ብር ያስፈልግዎታል። በድምሩ 1,060.51 ብር ከፍለው 1,000 ብር ይቀበላሉ። ማንም አሸነፈ ማን፣ 60 ብር ከ51 ሳንቲም ቤቱ ጋር ቀርቷል። እንዲህ የሚወራረድ ሰው የለም፤ ነገር ግን አንዱ አርሰናልን፣ ሌላው አቻን፣ ሦስተኛው ቼልሲን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ጓደኛሞች በጋራ የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሦስተኛ፦ ሁለቱን መቶኛዎች አያምታቱ

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቤት የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ትክክል ናቸው። 6.05 በመቶ ማለት ከ100 በላይ የተጨመረው ነው። ከተከፈለው ገንዘብ ላይ ቤቱ የሚያስቀረው ድርሻ ግን 60.51ን ለ1,060.51 ስናካፍል የሚገኘው ነው፤ 5.71 በመቶ። የመጀመሪያው ነጋዴ በመግዣው ላይ የጨመረውን፣ ሁለተኛው ከመሸጫው ውስጥ ያተረፈውን እንደማስላት ነው።

ለኪስዎ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። አቋራጩ ይህ ነው፦ 100ን ለድምሩ አካፍሎ በ100 ማባዛት የተመላሹን መቶኛ ይሰጣል። 100 ÷ 106.05 × 100 = 94.29። ይህ ማለት ህዳጉ በሦስቱም ላይ እኩል ተከፋፍሎ ከሆነ፣ በረጅም ጊዜ ከየ100 ብሩ በአማካይ 94.29 ብር ወደ ተወራራጆች ይመለሳል፤ 5.71 ብር ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ ከመረጡ በኋላ ግን ለሁሉም ቤቶች ያንኑ ይጠቀሙ።

በዚሁ መንገድ የሌሎቹ ውጤት ይህ ነው። ቤት ለ ድምሩ 104.85፣ የሚያስቀረው 4.63 በመቶ። ቤት ሐ ድምሩ 108.78፣ የሚያስቀረው 8.07 በመቶ።

አሁን ወደ ግምትዎ ይመለሱ። ቤት ሐ ለቼልሲ 4.20 በመስጠቱ ቸር መስሎ ከታየዎት ብቻዎን አይደሉም። በአንድ ውጤት ላይ ከሁሉም የሚበልጥ ቁጥር የለጠፈው ቤት፣ በጥቅሉ ሲታይ ከሦስቱ እጅግ ውዱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቼልሲን ብቻ ለሚይዝ ሰው ያ ዋጋ በእርግጥ የተሻለ ነው፤ የቤቱ የዘወትር ደንበኛ ለመሆን ለሚያስብ ግን ማታለያ ነው። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ቤትን መመዘን አይቻልም፤ ሦስቱን ሳይደምሩ ፍርድ አይስጡ።

ለጨዋታው ብቻ ከሆነ የሚያስቡት፣ ከየቤቱ ከፍተኛውን ኦድ ለቅመው ይደምሩ፦ 1.95፣ 3.60 እና 4.20። ድምሩ 102.87 ይሆናል። አንድም ቤት ዋጋውን ሳይቀንስ፣ እየዞረ የጠየቀ ሰው ብቻ ድምሩን ከ108.78 ወደ 102.87 አወረደ። መርካቶ ውስጥ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቅ የማይገዛ ሰው ኦድ ላይ ሲደርስ ለምን የመጀመሪያውን እንደሚቀበል ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የተለቀመው ድምር ከ100 በታች ከሆነስ? በወረቀት ላይ የማያከስር ውርርድ ነው። በተግባር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከቤቶቹ አንዱ ዋጋውን አለማደሱ ወይም እርስዎ ያነበቡት ሌላ ገበያ (የውርርድ ዓይነት) መሆኑ ነው፤ አንዱ የ90 ደቂቃ ውጤት፣ ሌላው ተጨማሪ ሰዓትን ጨምሮ ማን እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ በአንዱ ቤት ውስጥም ገበያ ከገበያ ያነጻጽሩ

ሰው ቤት ከቤት ሲያወዳድር ይውልና አንዱ ቤት ራሱ በአንድ ገጽ ላይ በተለያየ ዋጋ እንደሚሸጥለት ይረሳል።

ሁለት ውጤት ብቻ ያላቸው ገበያዎች፣ ለምሳሌ ከ2.5 ጎል በላይና በታች፣ ለስሌት ቀላል ናቸው። ሁለቱ ኦዶች እኩል ከሆኑ ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም፤ ኦዱን ለሁለት ይክፈሉት፣ የተመላሹን መጠን ያገኛሉ። 1.95 እና 1.95 ከሆነ 97.5 በመቶ ይመለሳል፤ 1.90 እና 1.90 ከሆነ 95፤ 1.85 እና 1.85 ከሆነ 92.5። ከ1.95 ወደ 1.85 መውረዱ አሥር ሳንቲም ይመስላል፤ የቤቱ ድርሻ ግን በሦስት እጥፍ አድጓል።

ከሦስቱ ውጤቶች ሁለቱን በአንድ በሚይዘው፣ ድርብ ዕድል በሚባለው ገበያ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቤት ሀ አርሰናል ወይም አቻ 1.22፣ አርሰናል ወይም ቼልሲ 1.25፣ አቻ ወይም ቼልሲ 1.85 ተብሎ ቢቀርብ፣ መቶኛዎቹ ሲደመሩ 216.02 ይወጣል። ቤቱ ዘረፈኝ ብለው አይጩኹ። እያንዳንዱ ውጤት ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ ትክክለኛው መነሻ 200 ነው፤ ድምሩን ለሁለት ሲያካፍሉት 108.01 ይሆናል። ቢሆንም ያው ቤት ሀ በተራው ገበያ 106.05 ይሸጥ እንደነበር ያስታውሱ። ድርብ ዕድልን ራስዎ ቢሠሩት ይሻላል ማለት ነው፦ ከ100 ብሩ 65.45ቱን አርሰናል ላይ በ1.90፣ 34.55ቱን አቻ ላይ በ3.60 ቢያስይዙ በሁለቱም መንገድ 124 ብር ከ36 ሳንቲም ገደማ ይደርስዎታል። ቤቱ አዘጋጅቶ የሸጠልዎት ግን 122 ብር ነው። ሁለት ብሩ የማዘጋጃ ዋጋ ነው።

ትክክለኛ ውጤት በሚገመትበት ገበያ ከ1 ለ 0 ጀምሮ «ሌላ ማንኛውም ውጤት» እስከሚለው ድረስ ያለውን ሁሉ መደመር ግድ ነው፤ አንዱን ከዘለሉ ቤቱ ከእውነቱ ርካሽ ሆኖ ይታያል። አሰልቺ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያደርጉት ግን ይበቃል። በታላላቅ ሊጎች የአሸናፊ፣ የአቻና የተሸናፊ ገበያ ላይ ጥቂት መቶኛ የሚወስደው ቤት እዚህ ሲደርስ 15 እና 20 በመቶ መጨመሩ የተለመደ ነው። ብዙ ውጤት ባለበት፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ማንም ሠላሳ ቁጥር አይደምርም። የዓመቱን ሻምፒዮን መገመትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሃያዎቹን ክለቦች ሳይደምሩ ህዳጉን ማወቅ አይቻልም፤ ገንዘቡም ከነሐሴ እስከ ግንቦት ታስሮ ይቆያል። በ2015/16 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ሌስተር ሲቲ በእንግሊዝ 5,000 ለ 1 ይሰጠው ነበር፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ያ ታሪክ እስከ ዛሬ የሩቅ ግምት ትኬት ይሸጣል፤ በየዓመቱ ተመሳሳይ ዋጋ ተሰጥቷቸው ምንም ያላገኙትን ክለቦች ግን ማንም አያነሳም።

ይህ ወደ አንድ ማስጠንቀቂያ ያደርሰናል። ከላይ የሠራነው ስሌት ጠቅላላውን ህዳግ እንጂ በየትኛው ውጤት ላይ እንደተጫነ አያሳይም። እኩል ተከፋፍሏል ብለን ብናስብ የአርሰናል ንጹሕ ኦድ 1.90 × 1.0605 = 2.015 ይሆናል። ነገር ግን የፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ ከተጠናበት ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው፣ ሸክሙ አብዛኛውን ጊዜ በሩቅ ዕድል ላይ እንደሚከብድ ነው። በአንድ ገበያ ውስጥ 15.00 የሚል ኦድ ከ1.50 ይልቅ ብዙ ውኃ ተጨምሮበታል።

አምስተኛ፦ ትኬቱ ላይ ጨዋታ በተደራረበ ቁጥር ህዳጉን ያባዙ

በእኛ አገር ጥቂት ብር አስይዞ ብዙ ብር ለማግኘት አሥር፣ አሥራ ሁለት ጨዋታ የሚደረድር ብዙ ነው። ኦዶቹ ሲባዙ ያምራሉ። ከእነርሱ ጋር ህዳጉም እንደሚባዛ ግን ትኬቱ ላይ አይጻፍም።

ቤት ሀ በየጨዋታው 94.29 በመቶ ይመልሳል ብለናል። ለአንድ ጨዋታ 0.9429 ነው። አምስት ጨዋታ ሲደረደር 0.9429ን በራሱ አምስት ጊዜ ያባዙት፤ 0.745 ይወጣል። አሥር ሲሆን 0.555፣ አሥራ ሁለት ሲሆን 0.494። ማለትም ባለ አሥራ ሁለት ጨዋታ ትኬት ላይ ቤቱ በአማካይ ከግማሽ በላይ ለራሱ ያስቀራል፤ ይህም በየጨዋታው 5.71 በመቶ ብቻ የሚወስደው፣ በንጽጽራችን መካከለኛ የሆነው ቤት ነው። በቤት ሐ ዋጋ ራስዎ ይሞክሩት፤ መነሻው 0.9193 ነው።

ይህን ስሌት ለአንድ ወዳጄ ቡና እየጠጣን በትኬቱ ጀርባ ላይ ሠራሁለት። አሥራ ሁለት ጨዋታ የተደረደረበት የ50 ብር ትኬት ነበር። 25 ብር ገደማ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሄዷል አልኩት። ትኬቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ታዲያ ሃያ አምስቱ አለ አይደል?» አለኝ።

«አሥር ጨዋታ ለደረደረ 10 በመቶ ጉርሻ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ያንኑ ስሌት ያስቀጥሉ፦ 0.555 × 1.10 = 0.611። ጉርሻው የተቆረጠውን አልመለሰም፤ ሰውየው ጨዋታ እንዲጨምር ግን ጠርቶታል።

ስድስተኛ፦ ግብርንና የክፍያ ጣሪያን ይጨምሩ

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ ከ1,000 ብር ለሚያንሰው ነፃነት ሰጥቶ። በትኬትዎ ላይ የታተመውን የተቀናሽ መጠን ያንብቡና ተቀናሹ ከጠቅላላው ክፍያ ላይ ነው ወይስ ያስያዙት ከተነሣ በኋላ ከትርፉ ላይ የሚለውን ይለዩ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ የሚነሣ ከሆነ እያንዳንዱን ኦድ በ0.85 አባዝተው እንደ አዲስ ያስሉ። 1.90 ወደ 1.615 ይወርዳል፤ የቤት ሀ ድምርም 106.05 መሆኑ ቀርቶ 124.77 ይሆናል። ከትርፉ ላይ ብቻ ከሆነ 1.90 ወደ 1.765 ነው የሚወርደው። በመጀመሪያው ዓይነት አቆራረጥ በጣም አስተማማኝ የሚባለው ግምት አስቂኝ ነገር ይፈጥራል፦ 1,000 ብር በ1.15 ያስያዘና ግምቱ የሠመረለት ሰው 1,150 ብር ይደርሰዋል፣ 15 በመቶ ሲነሣ 977 ብር ከ50። አሸንፎ 22 ብር ከ50 ከሰረ። ከ1.18 በታች ያለ ኦድ ሁሉ እንዲሁ ነው።

የክፍያ ጣሪያውም በደንቡ ውስጥ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። የትኬቱ ጠቅላላ ኦድ ከጣሪያው በላይ የሚያወጣ ከሆነ ከዚያ በላይ የደረደሯቸው ጨዋታዎች አደጋ ብቻ ጨመሩ፤ ክፍያ አልጨመሩም።

በውጭ ላለ አንባቢ

አሜሪካ ያሉ ወገኖች የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በ2018 ለግዛቶች በሩን ከከፈተ ወዲህ ሌላ አጻጻፍ ነው የሚያዩት። የመቀነስ ምልክት ካለው 100ን ለቁጥሩ አካፍለው 1 ይጨምሩ፤ ‑110 ማለት 1.909 ነው። የመደመር ምልክት ካለው ቁጥሩን ለ100 አካፍለው 1 ይጨምሩ፤ +260 ማለት 3.60 ነው። በሁለቱም ወገን ‑110 የተለጠፈበት ገበያ ድምሩ 104.76፣ የሚያስቀረውም 4.55 በመቶ ነው። የእንግሊዝ ክፍልፋይ ይበልጥ ቀላል ነው፤ 9/10 ማለት 0.9 ሲሆን 1 ሲጨመርበት 1.90 ይሆናል። እስራኤል ውስጥ የስፖርት ውርርድ ለአንድ የመንግሥት አካል የተሰጠ ስለሆነ ቤት ከቤት ማነጻጸር የለም፤ ገበያ ከገበያ የሚለው አራተኛው ደረጃ ግን ይሠራል።

አውሮፓ ውስጥ ተወራራጆች እርስ በርሳቸው የሚገበያዩባቸው መድረኮች አሉ። ድምሩ ለ100 የቀረበ ስለሆነ ነፃ ይመስላሉ፤ ክፍያቸውን የሚወስዱት ካሸነፈው ትርፍ ላይ በኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ 5 በመቶ ከሆነ 2.00ን እንደ 1.95 ቆጥረው ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽሩ።

ሰባተኛ፦ ከአንድ ጨዋታ አልፈው ይመዝግቡ

አንድ ጨዋታ ስለ ቤቱ ብዙ አይናገርም። ሁሉም የሚያየው ታላቅ ጨዋታ ደንበኛ መሳቢያ ስለሆነ ቤቶች በእርሱ ላይ ህዳጋቸውን ያሳንሳሉ፤ ብዙም በማይታወቁ ሊጎችና ጨዋታው እየተካሄደ በሚደረግ ውርርድ ላይ ያሳድጉታል። ስለዚህ ቢያንስ አሥር ጨዋታ ይውሰዱ፦ ከእንግሊዝ ጥቂት፣ ከአገር ውስጥ ሊግ ጥቂት፣ ሌላ ጊዜ ከሚወራረዱበት ሊግ ጥቂት። በየቤቱ የተመላሹን መቶኛ ጽፈው አማካዩን ያውጡ፤ የየሊጉንም ለየብቻ ይያዙ፤ አንዱ ቤት በእንግሊዝ ጨዋታ ርካሽ ሆኖ በሌላው ውድ ሊሆን ይችላልና።

ስትመዘግቡ የምትዝናኑበት ነገርም አለ። የሁለት ቤቶችን ኦድ አንዱን ለሌላው ያካፍሉ። በሦስቱም ውጤቶች ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ከወጣ፣ ሁለቱም ዋጋውን ከአንድ አቅራቢ እየገዙ ህዳጉን ብቻ ለየብቻ የሚቆርጡ መሆናቸውን መጠርጠር ይቻላል። ስማቸውና ቀለማቸው ይለያያል እንጂ ስለ ጨዋታው ያላቸው አስተያየት አንድ ነው፤ የቀረው የዋጋ ጥያቄ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሚሰላው ስክሪኑ ላይ ባለው ሳይሆን ትኬቱ ላይ በታተመው ኦድ ነው። ወረፋ ይዘው ገንዘብ ተቀባዩ ጋር እስኪደርሱ 1.95 የነበረው 1.88 ሊሆን ይችላል። ትኬቱን ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት።